አረፋ አይዋሽም

የሰው ልጅ እውነትን ከሐሰት የሚለይበት መሣሪያ ሲፈልግ ስንት ዘመን ኖሯል! አንዱ ሚዛን ሠራ፤ ሌላው መሐላ አበጀ፤ ሁለቱም ያልበቃው ጠበቃ ቀጠረ። ይህን ሁሉ ሊቅ ያደከመ ጥያቄ በአንድ የነሐሴ ሳምንት፣ ያለ ጥናትና ያለ ጥርጣሬ የፈታችው ግን በካሊፎርኒያ ሸለቆ በለውዝ ዛፍ ተከብባ የተቀመጠች አንዲት ትንሽ ከተማ ናት። ስሟን አንጠራም። ትሑት ከተማ ናት፤ ደግሞም ስሟን የጠራ ሰው በማግሥቱ የክስ ወረቀት ይደርሰዋል።

የነገሩ መነሻ የከንቲባዋ ባል ሳል ነበር። ጊል ፓቼኮ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳለ። በቤተ ክርስቲያን ሳለ፣ በቀብር ላይ ሳለ፣ ሚስቱ ክብርት ከንቲባ ዶሪን ስለ ፍሳሽ ማስወገጃ ንግግር ስታደርግ ከሁሉ አስበልጦ ሳለ። መርምረው ቢያዩት ሳሉን ያመጣችበት ሲያጨሳት የሰነበተው ቀፎ ናት። ቀፎ የሚሏት የትንሽ ጣት ግማሽ የምታህል፣ የካናቢስ ዘይት የተሞላች የመስታወት ብልቃጥ ናት። ብዕር በሚመስል ባትሪ ጫፍ ትገጠማለች፤ ባትሪው ያሞቃታል፤ ሰውየው ይስባታል፤ ከዚያ ስለ ሕይወት ትርጉም ማንም ሳይጠይቀው ያብራራል። ፈቃድ ካለው ሱቅ እስከተገዛች ድረስ ሕግ አይከለክላትም። የጊል ግን ፎርጅድ ነበረች።

«ከየት ነው የገዛሃት?» አለችው ዶሪን።

ጊል ወደ ጣሪያው አየ። «ከ... ከሱቅ ነዋ! ከየት ልገዛ ኖሯል?»

በከተማዋ ያለው ሱቅ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ የቨርና ቲሎትሰን። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኼ ነው።

ቨርና የስድሳ ዓመት ሴት ናት። ባሏ ከሞተ በኋላ የከብት መኖ ይሸጥበት የነበረውን ቤት አድሳ፣ መኖሪያዋን ለባንክ አስይዛ ነው ሱቁን የከፈተችው። ሌላ ሥራ አታውቅም፤ ሌላ ሥራ ልማር ብትልም ዕድሜዋ አይጠብቃትም። ስድስት ዓመት ሙሉ ላብራቶሪ ያልመረመረው ዕቃ ደጇን ረግጦ አያውቅም። እያንዳንዱ ሳጥን ሥር የምርመራው ቁጥርና የላብራቶሪው ስልክ ተለጥፏል። ደውሎ የጠየቀ ሰው ግን እስካሁን አልተገኘም።

ምክር ቤቱ በአስቸኳይ ተሰብስቦ «የሐሰተኛ ቀፎ መርማሪ፣ ለይቶ አውጪ፣ አስተማሪና አስጠንቃቂ ጊዜያዊ ኮሚቴ» አቋቋመ። ስሙን ጽፎ ለመጨረስ አንድ ሙሉ ስብሰባ ፈጀ። በሁለተኛው ስብሰባ ሊቀ መንበር ተመረጠ፤ አሰልጣኝ ክላይድ ሆርንዝቢ። ክላይድ ለሠላሳ አንድ ዓመት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱን ዋናተኞች ያሠለጠነ ሰው ነው። ካናቢስ አጭሶ አያውቅም፤ ቀፎም በእጁ ይዞ አያውቅም። ነገር ግን አንገቱ ላይ የምትንጠለጠል የሰከንድ መቁጠሪያ ሰዓት ነበረችው፤ ከአባላቱ መካከል መሣሪያ ያለው እሱ ብቻ በመሆኑ ምርጫው በሙሉ ድምፅ አለፈ።

መሣሪያ ካለ ደግሞ የሚለካ ነገር መፈለግ ግድ ነው። ክላይድ ከወንድሙ ልጅ አንድ ነገር ሰምቶ ነበር። ጥሩ ዘይት ወፍራም ነው፤ ቀፎዋን ብትደፋት ውስጧ ያለችው የአየር አረፋ ቀስ ብላ ነው የምትወጣው። ውኃ የተቀላቀለባት ግን አረፋዋ ትሮጣለች። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ፤ ኮሚቴው አንድ እርምጃ ጨምሮ ቀስ ብሎ የሄደ ሁሉ እንቁላል ነው ብሎ ወሰነ። ማስታወቂያም ታትሞ በየግድግዳው ተለጠፈ፤

«ቀፎዋን ድፏት። አረፋዋ ለመውጣት ከአሥር ሰከንድ በታች ከፈጀባት ፎርጅድ ናት። ከአሥር በላይ ከፈጀባት ኦርጅናል ናት። ከሠላሳ በላይ ከፈጀባት እንኳን ደስ አለዎት።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከተማዋ ተለወጠች። በባንክ ሰልፍ ላይ፣ በቡና ቤት፣ በትራፊክ መብራት ሥር ሰው ሁሉ ትንሽ ብልቃጥ ወደ ፀሐይ አንሥቶ እየገለበጠ በከንፈሩ ይቆጥራል። ባልና ሚስት በአራት ሰከንድ ልዩነት ተጣሉ። ማስታወቂያውን ከዳር እስከ ዳር ያነበበው ሰው ግን አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ስኪፕ ነው። ስኪፕ ከመኪና ማጠቢያው ጀርባ፣ ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ቀፎ በግማሽ ዋጋ የሚቸረችር ደስተኛ ሰው ነው። ማስታወቂያውን ሁለት ጊዜ አነበበ፤ አመሰገነ፤ ከዚያ ወደ ቤቱ ሄዶ ድሮም ማወፈሪያ በማያጣው ዘይቱ ላይ ሌላ ማወፈሪያ ጨመረበት። ሳንባ ይወደዋል አይወደውም የሚለው በማስታወቂያው ላይ አልተጠቀሰም ነበር።

ሮብ ዕለት ኮሚቴው በሙሉ ክብሩ ወደ ቨርና ሱቅ ገባ። የለውዝ መከር ስለነበር ዛፍ የሚያራግፉት መኪኖች አየሩን በአቧራ ሞልተውታል፤ ሙቀቱ አስፋልት ያቀልጣል፤ የሱቁ ማቀዝቀዣ ደግሞ ከሰኞ ጀምሮ ሞቷል።

«ቨርና፣ በግል እንዳትወስጂው» አላት ክላይድ፣ ሰዓቱን ከአንገቱ እያወጣ። «ልጆችሽን ዋና ያስተማርኩ ሰው ነኝ።»

«ትንሹን ልታሰምጠው ምንም አልቀረህም ነበር።»

«እሱ ሌላ አጀንዳ ነው።» ከመደርደሪያው አንዲት ቀፎ አነሣና ገለበጣት። አረፋዋ እሳት እንደነካት ሽው ብላ ወጣች። ክላይድ ሰዓቱን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። «ሦስት ሰከንድ ተኩል! ወይ ጉድ! በሥራ ዘመኔ እንዲህ የፈጠነ አንድ ልጅ ብቻ ነው ያየሁት፤ እሱም ፊሽካው ሳይነፋ ዘሎ ነው።»

«አሰልጣኝ፣ ሙቀቱ ነው እኮ! ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል። ቅቤ አይቀልጥም እንዴ? አንተ ራስህ እየቀለጥክ አይደለም?»

«ሳይንሱን በምክንያት አትበጥብጪብን።»

«እሺ፣ ሳይንስ ከሆነ የፈለግከው ይኸው!» ሳጥኑን ገልብጣ አሳየችው። «ይሄ የምርመራው ቁጥር ነው። ይሄ ስልኩ ነው። ደውል፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።»

ክላይድ ሳጥኑን የልጅ ሽንት ጨርቅ እንደሰጡት ሰው በሁለት ጣቱ ይዞ መለሰላት። «ወረቀት ማንም ያትማል፣ ቨርና። አረፋ ግን አይዋሽም።»

አባላቱ እርስ በርስ ተያዩ። እንዲህ ያለ ንግግር በከተማዋ ከተነገረ ሃምሳ ዓመት አልፎታል። ጸሐፊው ወዲያው መዘገበው፤ ማምሻውንም በማስታወቂያው ራስጌ ላይ ታተመ። ቨርና ግን የደረሳት ሌላ ወረቀት ነበር። ዓርብ በከተማው አዳራሽ፣ በሕዝብ ፊት ዕቃዋን አቅርባ ታስለካለች። ከአሥር ሰከንድ በታች ከሆነ ሱቁ ይታሸጋል።

በሱቁ ውስጥ የምትሠራው ሉፔ ኦሮስኮ አፏ የሚፈራ ሴት ናት። ሐሙስ ጠዋት ወጣ ብላ ተመለሰችና አንዲት ቀፎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ከስኪፕ ነው የገዛሁት። ተሰልፌ! ሰልፉ መኪና ማጠቢያውን ዞሮታል። መኪናው ላይ ምን እንደለጠፈ ታውቂያለሽ? ‹በኮሚቴው መስፈርት የተመሰከረለት› ይላል። ገልብጫት፣ እስቲ።»

ቨርና ገለበጠቻት። አረፋዋ ከእንቅልፏ እንደተቀሰቀሰች ባልቴት ተንፏቀቀች። ሠላሳ አራት ሰከንድ።

«እንኳን ደስ አለሽ» አለች ሉፔ።

ቨርና ወንበሩ ላይ ዘርፈጥ ብላ ተቀመጠች። ተናደደች፤ ከንዴቱ በላይ ግን ፈራች። ባሏ በገዛ እጁ የሠራውን የእንጨት መደርደሪያ አየች። ከዚህ ሱቅ ውጭ ጠዋት ተነሥታ የምትሄድበት ቦታ የላትም። እንባዋ መጣ፤ እንባዋንም ተቆጣችው።

«ስሚኝ» አለች ሉፔ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ማታ ፍሪጅ ውስጥ እንክተታቸው። ነገ ከበረዶ ጋር ይዘናቸው እንሂድ። በረዶ የያዘው ዘይት ንቅንቅ አይልም።»

«አላደርገውም።»

«ማጭበርበር እኮ አይደለም! ማቀዝቀዝ ነው።»

«ሉፔ፣ እነሱ ያበዱ እንደሆነ እኔም ልበድ?»

ቨርና ተነሣችና መስኮቱ ላይ የተደረደረውን ዕቃ ማውረድ ጀመረች፤ ሱቁ ቢታሸግ ፀሐይ እንዳይበላው ብላ። ከመስኮቱ መሐል በቀይ ጨርቅ ላይ የምትቀመጥ አንዲት ቀፎ ነበረች። ፋብሪካው ለሱቆች የሚልካት የማሳያ ናት። ዘይቱን መስኮት ላይ መደርደር ስለማይፈቀድ፣ ውስጧ ቢጫ ሙጫ ተሞልቶ ደርቋል። በዚያ ሰሞን የማይገለብጥ እጅ አልነበረምና ቨርናም ሳታስበው ገለበጠቻት። ሙጫው ውስጥ ታስራ የቀረች አንዲት አረፋ ነበረች። ቨርና ጠበቀች። አረፋዋ አልተንቀሳቀሰችም። ደግሞ ጠበቀች።

ከዚያ መሳቅ ጀመረች። ሉፔ እብደቱ እሷም ዘንድ ደረሰ ብላ ውኃ ልታመጣላት ሮጠች።

ዓርብ ዕለት የከተማው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። የእሳት አደጋ በጎ ፈቃደኞች ከበሩ ላይ የተጠበሰ ሥጋ በሳንድዊች ይሸጣሉ፤ ፍትሕ በባዶ ሆድ አይታይምና። መድረኩ ላይ በላስቲክ ከረጢት የታሸገችው የጊል ቀፎ «ማስረጃ ቁጥር አንድ» ተብላ፣ አበባ አጠገቧ ተቀምጦላት ትታያለች። አረፋዋን ማንም ለክቷት አያውቅም። ወንጀለኛነቷ አስቀድሞ የታወቀ ስለሆነ ጊዜ ማባከን ነው ተብሎ ታልፏል።

ክብርት ከንቲባ ተነሣች። «ክቡራትና ክቡራን! ዛሬ በዚህ አዳራሽ የሚለካው አንድ አረፋ ብቻ አይደለም። የሚለካው ማንነታችን ነው!» ጭብጨባው ከባድ ነበር። ጊል ከፊት ረድፍ ሳለ።

ቨርና አንዲት ትንሽ ሳጥን ይዛ ወደ መድረኩ ወጣች። «ይቺን ከመስኮቴ አውርጄ ነው ያመጣኋት። ከመለካታችሁ በፊት ግን ሳጥኑ ሥር የተጻፈውን አንብቡልኝ።»

«ቨርና!» ክላይድ እጁን አነሣ። «ወረቀት አናነብም ብለን ወስነናል። በቃለ ጉባኤ ላይ አለ።»

«አንድ መስመር ናት።»

«አንድም ብትሆን ወረቀት ናት።»

«እንግዲህ ለምኛለሁ፤ ሁላችሁም ሰምታችኋል» አለችና ቁጭ አለች።

ክላይድ ቀፎዋን ገለበጠ፤ ሰዓቱን ጫን አደረገ። አሥር ሰከንድ አለፈ። ሠላሳ አለፈ። ሕዝቡ አጉረመረመ። አንድ ደቂቃ ሲሞላ ከኋላ ያሉት ቆሙ። በአምስተኛው ደቂቃ የክላይድ እጅ መንቀጥቀጥ ስለጀመረ ሁለት የኮሚቴ አባላት ግራና ቀኝ ክንዱን ደገፉት። በአሥራ አምስተኛው ደቂቃ ሳንድዊች ታደለ፤ ክላይድን ከንቲባዋ በእጇ አጎረሰችው። አረፋዋ ንቅንቅ አላለችም። በአርባኛው ደቂቃ ክላይድ ሰዓቱን አቆመ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«ሠላሳ አንድ ዓመት» አለ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ። «ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የፈጠነውን ስሸልም ኖሬያለሁ። እንዲህ ያለ እርጋታ... እንዲህ ያለ ጨዋነት አይቼ አላውቅም። ይቺ ኦርጅናል ናት ማለት ያንስባታል። የኦርጅናሎች ሁሉ እናት ናት!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ክላይድ ከኪሱ አንድ የወርቅ ቀለም ሜዳሊያ አወጣና በቀፎዋ ሳጥን ላይ አንጠለጠለው። ሜዳሊያው በጀርባው የሚዋኝ ልጅ ምስል ነበረው፤ ግን ያ ቀን እንዲህ ያለ ነገር የሚታይበት ቀን አልነበረም። ከንቲባዋ ሱቁ የከተማዋ ኩራት መሆኑን በይፋ አወጀች።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች ቨርና። «አሁን የተሸለመውን ሳጥን አንብቡልኝ።»

ተሸላሚን እምቢ ማለት ነውር ስለሆነ ክላይድ የደረት ኪሱን ዳበሰ፤ መነጽሩን ረስቷል። ጊል ፓቼኮ፣ ተባባሪ መስሎ ለመታየት እንደሆነ እንጃ፣ ከፊት ረድፍ ብድግ ብሎ ሳጥኑን ተቀበለና ጮክ ብሎ አነበበ፤

«ለማሳያ ብቻ። ውስጡ ሙጫ ነው። አይጨስም።»

ከዚያ ከኋላ በኩል የሉፔ ሳቅ ፈነዳ፤ ሳቁ ከወንበር ወንበር እየዘለለ እሳት አደጋዎቹ ጋ ደረሰ።

«ይሄ ችግር የሙጫው ነው!» ብሎ ጮኸ ክላይድ። «አረፋው ምን አጠፋ?»

«እንደሱ ከሆነ አንዲት ነገር ለካልኝ» አለች ቨርና። «ማስረጃ ቁጥር አንድን።»

የጊል ሳል ቀጥ አለ። ክላይድ ከረጢቱን ከፈተ፤ ቀፎዋን ገለበጠ፤ ቆጠረ። «ሠላሳ ስምንት ሰከንድ» አለና፣ ልማድ ክፉ ነው፣ «ኦርጅናል!» ብሎ ጨመረበት።

ያኔ የከንቲባዋ ፊት ተለወጠ። ሞኝ ሴት አይደለችም፤ ከተማ ስታስተዳድር ብቻ ነው እንደሱ የምትሆነው። ወይ አረፋው ይዋሻል፣ ወይ ባሏ ይዋሻል። «ጊልበርት» አለች። ሙሉ ስሙን የምትጠራው ሲሰክርና ሲዋሽ ብቻ ነው፤ ያን ቀን ደግሞ አልሰከረም።

«ዶሪንዬ... ግማሽ ዋጋ ነበር እኮ!»

«ከየት?»

«ከመኪና ማጠቢያው ጀርባ። ስኪፕ ደግሞ ጨዋ ልጅ ነው፣ ሰላምታ ያቀርብልሻል!»

በዚህ መሐል ሉፔ መድረኩ ላይ ወጥታ፣ ስልኳን ወደ ድምፅ ማጉያው አስጠግታ ላብራቶሪው ጋ ደውላ ነበር። በሁለት ደቂቃ ውስጥ አንዲት የተሰላቸች ሴት ድምፅ የቨርና ሱቅ ቁጥሮች በሙሉ የተመረመሩና ንጹሕ መሆናቸውን ተናገረች፤ ማስረጃ ቁጥር አንድ ላይ የተጻፈው የምርመራ ቁጥር ግን በመዝገቧ የለም። «ስድስት ዓመት እዚህ ሠራሁ» አለች ሴትዮዋ። «ደውሎ በመጠየቅ እናንተ የመጀመሪያዎቹ ናችሁ። ደህና ናችሁ ግን?»

በቨርና ላይ የቀረበው ክስ በሙሉ ድምፅ ተነሣ። ቨርና አዳራሹ መሐል ቆማ፣ ሳታፍር፣ ሐሙስ የከለከለችውን እንባ ሁሉ ለቀቀችው፤ ሉፔ አንገቷን አቅፋ ይዛት ነበር። ፖሊስ ስኪፕን ሲፈልግ መኪና ማጠቢያው ጋ ያገኘው ሰልፉን ብቻ ነበር። ኮሚቴውስ? ኮሚቴው ተልዕኮውን ከታቀደው በላይ ስላሳካ በዚያው ስብሰባ ጊዜያዊ መሆኑ ቀርቶ ቋሚ ተደረገ። ሊቀ መንበሩ በመዝጊያ ንግግሩ አረፋው እንዳልዋሸና ጥያቄው በትክክል እንዳልቀረበለት አስረድቷል፤ የሁለተኛ ሰዓት መግዣም ጠይቋል።

ሰኞ ጠዋት ቨርና ሱቋን ከፈተች። ማቀዝቀዣው ተጠግኗል። የማሳያዋን ቀፎ ሜዳሊያዋን እንዳጠለቀች ቀይ ጨርቋ ላይ መለሰቻት፤ ከአጠገቧም በትልልቅ ፊደል «ሙጫ ነው» የሚል ወረቀት አቆመች። የመጀመሪያው ደንበኛ ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ ዝቅ አድርጎ ገባ። ጊል ነበር። ይቅርታ ጠየቃት፤ ከልቡ ነበር፤ እሷም ይቅር አለችው። ከዚያ መስኮቱ ጋ ቆመና አልሄድም አለ።

«ምን ልስጥህ፣ ጊል?»

ጊል ዙሪያውን ቃኘ፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያቺን የተሸለመችውን።»

«ሙጫ ናት እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«አትጨስም!»

«አውቃለሁ ስልሽ! ራሴ አይደለሁ እንዴ ጮክ ብዬ ያነበብኩት?» ጊል ወደ መስኮቱ ጠጋ ብሎ በፍቅር አያት። «ወረቀቱማ የፈለገውን ይበል፣ ቨርና። አረፋዋን ግን አይተሻታል?»